የታዳጊ ዋናተኞች ሥልጠና በየዕድሜው

የውድድር ዋና ሥልጠና ልጁ የውኃ ፍርሃት ለቆት፣ ፊቱን ነክሮ አየር ማስወጣት ከቻለበት ጊዜ ይጀምርና ለብዙ ዓመታት ይዘልቃል። በአሜሪካ ታዳጊዎች በአብዛኛው እስከ 10 ዓመት፣ ከ11 እስከ 12፣ ከ13 እስከ 14፣ ከዚያም በላይ ተብለው በዕድሜ ተከፋፍለው ይወዳደራሉ፤ በልምምድ ላይ ግን ልጁ ከማን ጋር እንደሚሠለጥን የሚወስነው ከዕድሜው ይልቅ ችሎታው ሊሆን ይገባል።

ለትንንሾቹ ዋናው ትምህርት የሰውነት አቀማመጥ ነው። ልጁ የገንዳውን ግድግዳ በእግሩ ገፍቶ ሲነሣ አንዱን መዳፍ በሌላው ላይ ደርቦ፣ ክንዶቹን ከጆሮው አጣብቆ ከተዘረጋ ምንም ሳይቀዝፍ ጥቂት ሜትሮች ይንሸራተታል። ወደፊት ለማየት ብሎ ራሱን ቀና ካደረገ ግን ዳሌውና እግሩ ወዲያው ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ጉልበቱም ወደፊት በመሄድ ፈንታ ላለመስመጥ በመታገል ያልቃል። ይህን ሳያስተካክሉ ርቀት መጨመር ልጁ ስሕተቱን እንዲለማመድ ማድረግ ነው። በዚህ ዕድሜ አራቱንም ስልቶች፣ ማለትም ነፃ፣ የጀርባ፣ የደረትና የቢራቢሮ ዋናን በአጫጭር ርቀትና በጨዋታ ማስተማር ይሻላል፤ በስምንት ዓመቱ በአንዱ ስላሸነፈ ብቻ በዚያው እንዲወሰን ማድረግ ልጁን ይጎዳዋል።

አስቸጋሪው ጊዜ ቁመት በድንገት የሚመዘዝበት ነው፤ ይህም በሴቶች 12፣ በወንዶች ደግሞ 14 ዓመት ገደማ ላይ ያጋጥማል። እጅና እግር ሲረዝሙ ትናንት የሰመረው አቀዛዘፍ ዛሬ ይዛባል፤ ሰዓቱ ያልተሻሻለለት ታዳጊም የሰነፈ ይመስለዋል። አሰልጣኙ ይህን አስቀድሞ ሊነግረውና ቴክኒኩን እንደ አዲስ ሊያቃናለት ይገባል። በአንድ ረጅም ልምምድ ክንድ ከሺህ ጊዜ በላይ ስለሚዞር፣ ትከሻዬን አመመኝ የሚል ልጅ እንዲችለው ሊነገረው ፈጽሞ አይገባም።

ከ15 ዓመት በኋላ ሥልጠናው እንደየርቀቱ ይለያያል፤ ከውኃ ውጭ የሚሠራ የጉልበት ልምምድም ይጠነክራል፣ ትልቅ ውድድር ሲቃረብ ደግሞ የልምምዱ መጠን ይቀነሳል። አሜሪካዊው ዋናተኛ ማይክል ፌልፕስ በባልቲሞር በ7 ዓመቱ ጀምሮ፣ በ11 ዓመቱ ከአሰልጣኝ ቦብ ቦውማን ጋር ተገናኝቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የሲድኒ ኦሊምፒክ ገና በ15 ዓመቱ በ200 ሜትር ቢራቢሮ 5ኛ ወጥቷል። በዚያው ኦሊምፒክ በ50 ሜትር ነፃ ዋና በ19 ዓመቱ ወርቅ የተጋራው አንቶኒ ኤርቪን ደግሞ ለዓመታት ከውድድር ርቆ ከተመለሰ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የሪዮ ኦሊምፒክ ላይ በ35 ዓመቱ ያንኑ ርቀት ዳግም አሸንፏል።