«ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ»

ድመት መነኮሰች ተባለ። ቆብ ደፍታ፣ መቁጠሪያ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና ተቀመጠች። አይጦች ይህን ሲሰሙ «መነኩሲት ሥጋ አትቀምስም፤ ከእንግዲህ ሰላም ወረደ» ብለው እንኳን ደስ ያለሽ ሊሏት መጡ። ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ ዘላ ሰፈረችባቸው። አባባሉ ከዚህ ተረት ጋር አብሮ ይነገራል፤ ልብሱን የለወጠ ሁሉ ጠባዩን ለወጠ ማለት አይደለም ነው ነገሩ።

በወሎ ገጠር ልጆቻቸውን ድረው፣ ባላቸው ሲሞት ቆብ የሚደፉ እናቶች ብዙ ናቸው። ታዲያ አንዲት እማሆይ በድንበር ከጎረቤት ጋር ቃል ከተለዋወጡ «ኤዲያ! ድመት መንኩሳ…» ይባላል፤ ቀሪውን ሰሚው ይሞላዋል። ጉቦ አልበላም ብሎ የማለ ሹም፣ መጠጥ ትቻለሁ ያለ ጎረምሳም ከዚህ ቃል አያመልጡም።

እኔን የሚከነክነኝ ብዙዎች አባባሉን «ሰው አይለወጥም» ብለው መውሰዳቸው ነው። ገዳሙ እንዲህ አያስተምርም። ዓመል በአንድ ቀን እንደማይለቅ የገዳም አባቶች ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ለዚህም ነው ለመጣ ሁሉ በመጣበት ቀን ቆብ የማይሰጡት። መጀመሪያ ረድእ፣ ማለትም አገልጋይ ተማሪ ሆኖ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ እህል ይፈጫል፣ አረጋውያንን ይረዳል። ና ሲሉት ይመጣል፣ ሂድ ሲሉት ይሄዳል። ቁጣው፣ ሆዳምነቱ፣ ኩራቱ የሚፈተነው እዚያ ነው። የወገብ መታጠቂያው ቅናት፣ ቆቡ፣ የላቀው የምንኩስና ማዕረግ ልብስ አስኬማው በየደረጃው የሚከተሉት ከዚያ ወዲያ ነው። ሲመነኩስም ለዓለም ሞቷልና እንደ ሙት ጸሎተ ፍትሐት ይደገምለታል። ድመቷ ግን ረድእነቱን ዘልላ ቆቡን አስቀደመች።

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው ሐይቅ እስጢፋኖስ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገዳሙን ያስተዳደሩት አባ ኢየሱስ ሞአ ራሳቸው በደብረ ዳሞ በአባ ዮሐኒ ሥር ያደጉ ደቀ መዝሙር ነበሩ። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ወደ ሐይቅ ሲመጡ ቅስና የተቀበሉ፣ በሸዋ ወንጌል የሰበኩ አባት ነበሩ፤ ከዚያ በፊትም በአባ በጸሎተ ሚካኤል ዘንድ አገልግለዋል። ይህ ሁሉ እያላቸው በአባ ኢየሱስ ሞአ እግር ሥር እንደገና ለዓመታት ተማሪ ሆኑ፤ ከሐይቅም በኋላ ወደ ደብረ ዳሞ ተጓዙ።

ስለዚህ መጠጥ በተወ በሳምንቱ የተሰናከለን ልጅ በዚህ ተረት መውጋት ተገቢ አይመስለኝም፤ እሱ ገና ረድእነት ላይ ነው። በአደባባይ ጾመኛ መስሎ በጓዳ የወላጅ አልባ መሬት የሚቀማ ሰው ግን ይገባዋል፤ ይተረትበት።