የፊት ስፕሊተር ምንድን ነው? ከምንስ ቢሠራ ይሻላል?

የፊት ስፕሊተር ከመኪናው የፊት ባምፐር ሥር፣ ከመሬት ጋር ትይዩ ሆኖ ወደፊት የሚወጣ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ነው። መኪናው በፍጥነት ሲሄድ ከፊት የሚመጣውን አየር ለሁለት ይከፍለዋል። ከላይ የቀረው አየር በባምፐሩ ስለሚገታ ይታመቅና ሰሌዳውን ወደ ታች ይጫነዋል፤ ከሥር የሚያልፈው ደግሞ በሰሌዳውና በአስፋልቱ መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት ውስጥ ሲገባ ፍጥነቱ ስለሚጨምር ግፊቱ ይቀንሳል። በላይኛውና በታችኛው ግፊት መካከል የሚፈጠረው ልዩነት የፊት ጎማዎቹን ወደ መሬት ይጫናቸዋል፤ በዚህም መኪናው በፈጣን መታጠፊያ ላይ ለመሪው ይበልጥ ይታዘዛል።

ከፋብሪካው ውጪ ስፕሊተር ማስገጠም የሚፈልግ ባለመኪና አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያነሣው ጥያቄ «ካርቦን ፋይበር ይሁን ወይስ ፕላስቲክ?» የሚል ነው። እኔ ግን ይህ ጥያቄ ሁለተኛ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። መጀመሪያ መመለስ ያለበት ሰሌዳው ምን ያህል ጭነት እንዲሸከም ተፈልጎ ነው የሚገጠመው የሚለው ነው። ባምፐሩ ላይ በጥቂት ብሎኖች ብቻ ተይዞ ሦስት ወይም አራት ሴንቲሜትር ብቅ የሚል ጠርዝ ከጌጥነት ብዙም አያልፍም፤ ለእሱ የሚሆነው ቁስ በውበቱና በዋጋው ቢመረጥ ጉዳት የለውም። አሥር ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ ወደፊት የሚወጣና በውድድር መስመር ላይ ለሚነዳ መኪና የሚሠራ ሰሌዳ ግን ሸክም ተሸካሚ አካል ነው፤ ሊታይም የሚገባው እንደ ሻሲው ሁሉ በጥንቃቄ ነው።

የሸክሙን መጠን በቀላል ስሌት መገመት ይቻላል። በባሕር ወለል ከፍታ ላይ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ፊት ለፊት ላይ የሚገታ አየር በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 1,900 ኒውተን ገደማ ግፊት ይፈጥራል። ሰሌዳው 1.6 ሜትር ስፋት ኖሮት 10 ሴንቲሜትር ቢወጣ፣ ከሥሩም ተመሳሳይ መጠን ያለው ስበት (ዝቅተኛው ግፊት ሰሌዳውን ወደ ታች የሚስብበት ኃይል) ቢኖር፣ ጠርዙ ላይ የሚያርፈው ኃይል 600 ኒውተን፣ ማለትም የ60 ኪሎ ያህል ክብደት ይሆናል። ኃይሉ ከፍጥነቱ ጋር በእኩል መጠን ሳይሆን በካሬው ስለሚያድግ፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ ይኸው ሰሌዳ የሚሸከመው የዚህን ሩብ፣ 15 ኪሎ ብቻ ነው። ስለዚህ በከተማ ፍጥነት አንዳች ሳይሆን የሚከርም ስፕሊተር በመስመር ላይ በመጀመሪያው ቀጥታ መንገድ ሊሰበር ይችላል። እግረ መንገዴን ላንሣው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ አየሩ ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ በመሆኑ፣ ያው ሰሌዳ በዚያው ፍጥነት የሚሰጠው ኃይልም በዚያው ልክ ያንሳል።

እዚህ ላይ ብዙ ገዢዎች የሚያምታቱአቸውን ሁለት ባሕርያት መለየት ያስፈልጋል፤ ጥንካሬና ግትርነት። ጥንካሬ አንድ ቁስ ከመሰበሩ በፊት የሚችለው ኃይል ሲሆን፣ ግትርነት ደግሞ ሲጫኑት ምን ያህል አልታጠፍም እንደሚል የሚለካበት ነው። ለስፕሊተር ቀዳሚው ግትርነት ነው፤ የጠፍጣፋ ሰሌዳ ግትርነት ደግሞ ከቁሱ ዓይነት ይልቅ በውፍረቱ እጅግ ይወሰናል። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ግትርነቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። በአንጻሩ ያለ ድጋፍ የሚወጣው ርዝመት እጥፍ ሲሆን፣ ሰሌዳው በዚያው ግፊት ጫፉ ላይ የሚጎብጠው አሥራ ስድስት እጥፍ ነው። ከላይ በተሰላው ግፊት ሥር 10 ሴንቲሜትር የወጣ የ3 ሚሊሜትር ኤቢኤስ ፕላስቲክ ጫፉ ወደ 1 ሴንቲሜትር ገደማ ሲወርድ፣ የ12 ሚሊሜትር ኮምፔርሳቶ (ፕላይውድ) ግን በዓይን የሚታይ ለውጥ አያሳይም።

አንድ ሴንቲሜትር ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ጫፉ ወደ መሬት በቀረበ መጠን ከሥር ያለው ክፍተት ይጠባል፣ አየሩ ይበልጥ ይፈጥናል፣ ስበቱ ይጨምራል፣ ጫፉም ይበልጥ ይወርዳል። ክፍተቱ ከልክ በላይ ሲጠብ ደግሞ አየሩ ማለፍ ያቅተውና ኃይሉ በድንገት ይጠፋል፤ ሰሌዳው ወደ ላይ ይመለሳል፤ ዑደቱም እንደገና ይጀምራል። ይህ መርገብገብ የሚሰማው አሽከርካሪው የፊት ጎማዎቹን ይበልጥ በሚያምንበት በፈጣን መታጠፊያ መካከል ነው። የሰሌዳ ግትርነት የደኅንነት ጉዳይ ነው የምለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ከተረዳን፣ ልምድ ያላቸው የመስመር አሽከርካሪዎች ኮምፔርሳቶ የሚመርጡበት ምክንያት ግልጽ ይሆናል። በርች ከተባለው ዛፍ የሚሠራ የ12 ሚሊሜትር ኮምፔርሳቶ አንድ ካሬ ሜትሩ 8 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ የ3 ሚሊሜትር የአሉሚኒየም ላሜራም እንዲሁ። በእኩል ክብደት ሲነጻጸሩ ግን ኮምፔርሳቶው እንደ ቃጫው አቅጣጫ ከስድስት እስከ ዘጠኝ እጥፍ ይበልጥ ግትር ነው። አሉሚኒየም በባሕርዩ ከእንጨት ብዙ እጥፍ ግትር ቢሆንም፣ ክብደቱ ውፍረት እንዲኖረው ስለማይፈቅድለት በዚህ ሥራ ይሸነፋል። እንጨትን የድሃ ምርጫ አድርጎ መናቅ ስሕተት መሆኑን የመኪና ውድድር ታሪክም ያሳያል። ፎርሙላ ዋን እ.ኤ.አ. ከ1994 አጋማሽ ጀምሮ እያንዳንዱ መኪና ከሥሩ 10 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሰሌዳ እንዲኖረው አስገድዷል፤ ሰሌዳው ለረጅም ጊዜ ይሠራ የነበረው ጃብሮክ ከተባለ፣ ስስ የእንጨት ንጣፎች በሙጫ ተጨምቀው ከሚዘጋጁበት ቁስ ነበር። በዚያው ዓመት ሚካኤል ሹማከር የቤልጅየምን ውድድር አንደኛ ሆኖ ከጨረሰ በኋላ ውጤቱ የተሰረዘበት፣ ይህ ሰሌዳ ከተፈቀደው 1 ሚሊሜትር በላይ ተበልቶ በመገኘቱ ነው።

የእንጨት ጠላቱ ውኃ ነው። ለግንባታ የሚውለው ተራ ኮምፔርሳቶ በውስጡ ክፍተት ሊኖረው፣ ሙጫውም እርጥበት ላይችል ስለሚችል፣ ለጀልባ ሥራ የሚመረተው ወይም ንጣፎቹ ክፍተት የሌላቸው የበርች ዓይነት ይመረጣል። ተቆርጦ ካለቀ በኋላ ጠርዞቹና እያንዳንዱ የብሎን ቀዳዳ ኤፖክሲ በተባለው ውኃ የማያስገባ ሙጫ መታሸግ አለባቸው፤ ቀዳዳው ታሽጎ ከደረቀ በኋላ ካልተስተካከለ ብሎኑ ሲገባ ሽፋኑን ይቧጥጠዋል፤ እርጥበቱም የሚጀምረው ከዚያው ነው። የተመታ ኮምፔርሳቶ ጠርዙ ይሰነጠራል፣ ንጣፎቹም ይላቀቃሉ፤ ሆኖም ብዙውን ጊዜ በአንድ ጊዜ ተቆርጦ ስለማይወድቅ ጉዳቱ አስቀድሞ ይታያል። መልኩ የማይማርክ መሆኑን አልክድም፤ ጥቁር ቀለም በሚገባ ከተቀባ ግን ከሁለት ሜትር ርቀት የሚለየው ሰው ጥቂት ነው።

አሉሚኒየም ሲመታ ይታጠፋል፤ ከታጠፈም እንደታጠፈ ይቀራል። ጫፉ ወደ ታች የታጠፈ ላሜራ አስፋልቱን መቆፈር ሊጀምር ስለሚችል ሳይቃና መንዳት አይገባም። በብዙ የአዲስ አበባ ሕንፃዎች ፊት ላይ የሚለጠፈው፣ በሁለት ስስ የአሉሚኒየም ንጣፎች መካከል ፕላስቲክ የታሸገበት ሰሌዳ ከዚህ የተሻለ አማራጭ ነው። የ4 ሚሊሜትሩ ዓይነት ከ3 ሚሊሜትሩ ድፍን አሉሚኒየም በሲሶ ያህል ቀሎ በተወሰነ ደረጃ ይበልጥ ግትር ነው። በቀላሉ ይቆረጣል፣ ውኃ አይፈራም፣ ጥቁር ሆኖም ይገኛል። ድክመቱ ብሎኖቹ ዘንድ ነው፤ መሐሉ ለስላሳ በመሆኑ ብሎኑ ሲጠብቅ ሰሌዳው ይጨመቃል፤ በቀጭን ሮንዴላ ከተያዘም በጊዜ ብዛት ቀዳዳው ይሰፋል።

ስለ ፕላስቲኮች ከተነገረው ይልቅ ያልተነገረው ይበዛል። ኤቢኤስ በገበያ ላይ የሚበዛው፣ ለየመኪናው ሞዴል ተቀርጾ የሚመጣ ስለሆነ ነው፤ የመንገዱን ጠርዝ ሲነካ ይለመጣል፣ ተመልሶም ይቃናል፤ በፀሐይ ብዛት ግን ይደርቅና ይሰነጠቃል። ጀሪካን የሚሠራበት ጠንካራ ፖሊኤቲሊን ደግሞ መሬት ለመሬት ቢፋተግ የሚንሸራተት፣ ለመስበርም የሚያስቸግር ቁስ ነው፤ ቀለምም ሙጫም ግን አይዘው። ግትርነቱ ከኤቢኤስ እንኳ በግማሽ ያህል ስለሚያንስ በውፍረት ካልተካሰ ሸክም ሊሸከም አይችልም። ፖሊካርቦኔት ምቱን በሚገባ ይችላል፤ ነገር ግን ቤንዚንና ብዙ የማጽጃ ፈሳሾች ስለሚጎዱት በብሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ መሰንጠቅ ይጀምራል።

ፕላስቲክ የሚመርጥ ሰው ሙቀትንም ማሰብ አለበት። 1.6 ሜትር ስፋት ያለው የፖሊኤቲሊን ሰሌዳ በቀዝቃዛ ጠዋትና በጋለ አስፋልት መካከል ባለው የ40 ዲግሪ ልዩነት ብቻ ወደ 1 ሴንቲሜትር ገደማ ይረዝማል፤ አሉሚኒየም በዚያው ልዩነት የሚረዝመው 1.5 ሚሊሜትር ያህል ነው። ስለዚህ የፕላስቲክ ሰሌዳ የመሐል ቀዳዳው ክብ፣ የዳር ቀዳዳዎቹ ግን ወደ ጎን የረዘሙ መሆን ይገባቸዋል፤ አለበለዚያ ሰሌዳው በሙቀት ይንጋደዳል። ፕላስቲክ ለከባድ ውድድር አይሆንም ማለት ግን አይደለም። የአሜሪካው የመኪና ውድድር ናስካር እ.ኤ.አ. በ2007 ስፕሊተር ያለበትን አዲስ መኪና ወደ ውድድር ሲያስገባ ለዚህ አካል የዋለው ቴግሪስ የተባለ፣ ከፖሊፕሮፒሊን ጭረቶች ተሸምኖ በሙቀት የተጨመቀ ቁስ ነበር፤ መኪኖች እርስ በርስ በሚጋጩበት መስመር ላይ ተሰባብሮ ስለታም ፍርስራሽ አለመተዉ ትልቅ ጥቅም ነው።

ካርቦን ፋይበር ላይ ስንደርስ ስሙን ከአሠራሩ መለየት ግድ ይላል። ስስ የካርቦን ንጣፎች ከላይና ከታች ሆነው በመካከላቸው 10 ሚሊሜትር ያህል ቀላል ፎም የገባበት ሰሌዳ በሚገባ ከተሠራ ከ12 ሚሊሜትሩ ኮምፔርሳቶ ይበልጥ ግትር ሆኖ ክብደቱ ከግማሹ በታች ይሆናል፤ እዚህ ላይ ካርቦን ተወዳዳሪ የለውም። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጠው 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ድፍን ቅርጽ ነው፤ የዚህ ግትርነት ከ6 ሚሊሜትር ኤቢኤስ ብዙም አይርቅም፣ ከ3 ሚሊሜትር አሉሚኒየም ደግሞ እጅግ ያንሳል። አንዳንዱ እንዲያውም ፋይበርግላስ ሆኖ የላይኛው ንጣፉ ብቻ ካርቦን ነው። ገዢው ከመክፈሉ በፊት ውፍረቱንና የውስጥ አሠራሩን የመጠየቅ መብት አለው፤ ሻጩ መመለስ ካልቻለ የሚከፈለው ለመልኩ መሆኑን አውቆ ይወስን።

ካርቦን ሲመታ አይታጠፍም፤ ይሰበራል፤ ስብርባሪው ለጎማም ለእጅም አደገኛ ነው። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ በመሆኑም በእርጥበት ውስጥ ከአሉሚኒየም ጋር በቀጥታ ሲነካካ አሉሚኒየሙን ይበላዋል፤ ስለዚህ በመካከላቸው የፋይበርግላስ ንጣፍ ይደረጋል፣ ብሎኖቹም ስቴይንለስ (የማይዝግ ብረት) ይሆናሉ። በፎም የተሞላ ሰሌዳ ብሎን በሚያልፍበት ቦታ ሁሉ ፎሙ ወጥቶ በድፍን ቁስ መተካት አለበት።

ሸክም ለሚሸከም ሰሌዳ የትኛውም ቁስ ቢመረጥ፣ ባምፐሩ ብቻውን ሊሸከመው አይችልም። ባምፐር ስስ ፕላስቲክ ነው፤ ስልሳ ኪሎ የሚጎትት ሰሌዳ ከተንጠለጠለበት ራሱ ተገንጥሎ ይሄዳል። ሰሌዳው ወደ ኋላ ተራዝሞ ከሻሲው ጋር መታሰር፣ ከፊት ደግሞ ከባምፐሩ ጀርባ ካለው ብረት በሚወርዱ ዘንጎች መያዝ አለበት። አየሩ ሰሌዳውን ወደ ታች ስለሚጫነው ዘንጎቹ የሚሠሩት በመሳብ ነው፤ በዚህ ምክንያት አንዳንዶች በዘንግ ፈንታ የብረት ገመድ ይጠቀማሉ፣ ሰሌዳው መሬት ሲመታ ወደ ላይ እንዲሸሽ ያስችለዋልና። በየቀዳዳው ከላይም ከታችም ሰፊ ሮንዴላ ወይም ትንሽ ላሜራ ቢደረግ ኃይሉ ይበተናል። የመስመር መኪና ሠሪዎች የተገጠመውን ስፕሊተር ጫፉ ላይ ቆመው ይፈትኑታል፤ ከላይ ካሰላነው ሸክም አንጻር ይህ ፍተሻ ምክንያታዊ ነው።

መኪናውን በሳምንቱ ቀናት ለሥራ፣ በዕረፍት ቀን ለመስመር ለሚነዳ ሰው የእኔ ምክር ሁለት ሰሌዳ ነው፤ ለመንገዱ ሦስት ሴንቲሜትር የሚወጣ ተለማጭ የኤቢኤስ ጠርዝ፣ ለመስመሩ ደግሞ በተመሳሳይ ቀዳዳዎች የሚገጠም የ12 ሚሊሜትር በርች ኮምፔርሳቶ፣ ከሥሩም መሬት የሚነካበት ቦታ ላይ ተበልቶ የሚቀየር የፖሊኤቲሊን ቁራጭ። ለመስመሩ የፊቱ ሰሌዳ ሲገጠም ከኋላ የሚመጣጠን ክንፍ ሊኖር ይገባል፤ ያለዚያ በከፍተኛ ፍጥነት የፊት ጎማዎች ሲጣበቁ የኋላዎቹ ይለቃሉ።