ፋይል በፓይተን፦ አከፋፈትና አጻጻፍ

የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋው ፓይተን ፋይል የሚከፍትበት ትእዛዝ «ኦፕን» ይባላል። በቅንፉ ውስጥ መጀመሪያ የፋይሉ ስም ይገባል። ቀጥሎ ፋይሉ ለምን እንደተፈለገ የሚናገር አንድ ፊደል ይጻፋል፦ «አር» ለማንበብ፣ «ደብልዩ» ለመጻፍ፣ «ኤ» ካለው ጽሑፍ ሥር ለመቀጠል። ፊደሉ ከተዘለለ ለማንበብ እንደሆነ ይቆጠራል።

ጀማሪን ጉድ የሚሠራው «ደብልዩ» ነው። በዚያ ስም የቆየ ፋይል ካለ፣ አንድ ቃል እንኳ ሳይጻፍ ገና ሲከፈት ውስጡ ያለው ሁሉ ሙልጭ ብሎ ይጠፋል። «እርግጠኛ ነህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ የዕቁብተኞች ስም ዝርዝር የሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ከ3.3 እትም ወዲህ «ኤክስ» አለ፤ ፋይሉ ቀድሞ ካለ አሻፈረኝ ይላል።

ቋንቋውን የፈጠረው ሆላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሰም ነው፤ በፈረንጆቹ 1991 ለሕዝብ ወጣ። በ2006 ደግሞ «ዊዝ» የሚባል ትእዛዝ ተጨመረ። ከዚያ በፊት ፋይል የከፈተ ሰው «ክሎዝ» ብሎ መዝጋቱን ራሱ ማስታወስ ነበረበት። የተጻፈው ወዲያው ዲስክ ላይ አይደርስም፤ መጀመሪያ ሜሞሪ ላይ ይጠራቀማል። ኮምፒውተሩ መሃል ላይ ቢጠፋ ያልደረሰውን ውሃ በላው። ዊዝ መሃል ላይ ስህተት ቢፈጠር እንኳ ፋይሉን ራሱ ይዘጋል።

ከፋይል የተነበበ ቁጥር እንደ ጽሑፍ ነው የሚመጣው። «ኢንት» በሚባለው ትእዛዝ ወደ ቁጥር ካልተለወጠ 5 እና 5 ሲደመሩ 55 ይሆናሉ።

ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ የኮምፒውተር ቁጥር በሚሰጠው ዝርዝር ውስጥ፣ የገባው በ1999 ነው። በ2008 የወጣው ፓይተን 3 ጽሑፍን ከባይት (ኮምፒውተር መረጃ ከሚያስቀምጥበት ትንሽ መለኪያ) ለይቶ በማየቱ ለአማርኛ ባለውለታ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። «ሰላም» ለፓይተን ሦስት ፊደል ነው፤ ዩኒኮድን ወደ ባይት በሚቀይረው ስልት፣ በዩቲኤፍ-8፣ ፋይል ላይ ሲያርፍ ግን 9 ባይት ይይዛል። ችግሩ ዊንዶውስ ላይ ነው። ኢንኮዲንጉ (ፊደል ወደ ባይት የሚቀየርበት ስልት) ካልተነገረው ፓይተን የኮምፒውተሩን የቆየ ምርጫ ይወስዳል፤ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የላቲን ብቻ ነው። ያኔ «ሰላም» ብሎ ለመጻፍ ሲሞከር ፕሮግራሙ በስህተት ይቆማል። «ደብልዩ» አስቀድሞ ስላጸዳው ባዶ ፋይል ብቻ ይቀራል። መፍትሔው ኦፕን ውስጥ ኢንኮዲንጉ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን መጻፍ ነው። ከ3.15 እትም ጀምሮ ይህ ሳይጻፍም እንዲሠራ ተወስኗል።

የፋይል አድራሻ ለመጻፍ በ2014 የመጣው «ፓዝሊብ» አለ። አንዳንዶች ለጀማሪ ይከብዳል ይላሉ።