ፊርማ ያለበት ማሊያ ሁሉ ውድ ነው?

ደሴ ፒያሳ ቡና እየጠጣን አንድ ጓደኛዬ ከፌስታል ማሊያ አውጥቶ ዘረጋው። ደረቱ ላይ ፊርማ አለ። «ስንት ያወጣል?» አለኝ። ጠጋ ብዬ ሳየው ፊርማው ፋብሪካ ውስጥ የታተመ ነው። እንዲህ ያለው ጌጥ ነው እንጂ ዋጋ አይጨምርም።

በእጅ የተፈረመ ሲሆን ነገሩ ይለያል። ያኔም ቢሆን «ማን ፈረመ?» ብቻ አይበቃም፤ «ስንት ቦታ ፈርሟል?» ማለትም አለ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው በ1960፣ ያረፈው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ የእሱ አዲስ ፊርማ የለም። ለጠየቀው ሁሉ የሚፈርም ተጫዋች ግን ፊርማው ይረክሳል።

«ለወንድሜ ለሰይድ» የሚል ከታከለበትስ? ለሰይድ ወርቅ ነው። ለገዢ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዋጋው ይወርዳል። ወሎ ውስጥ እንኳ ሌላ ሰይድ አይጠፋም!

ሰው የሚደናገረው የቆየ የተጫዋች ካርድ ላይ ነው፤ የተጫዋች ፎቶ የታተመበት፣ ሰዎች የሚሰበስቡት ትንሽ ካርቶን ማለቴ ነው። ሰብሳቢዎች ካርዱን የሚመዝኑት በንጽህናው ነው። ስለዚህ የማይታወቅ ተጫዋች በእስክሪብቶ ቢሞነጫጭርበት እንደ ጉዳት ሊቆጠር ይችላል። የታዋቂ ሰው እውነተኛ ፊርማ ከሆነ ግን ከካርዱ በላይ ሊያወጣ ይችላል።

የማረጋገጫ ወረቀትም እንደ ሰጪው ነው። ሻጩ ራሱ ያተመው ወረቀት ምንም አያረጋግጥም። ገለልተኛ መርማሪ የሰጠው፣ ሲፈረም የተነሳ ፎቶም ያለው ይሻላል። ቀለሙን ደግሞ ፀሐይ ያደበዝዘዋል፤ መስኮት አጠገብ አትስቀሉት።

ጓደኛዬ ሁሉንም ሰምቶ ማሊያውን አነሳ። «ታዲያ ልልበሰው?»

«ልበሰው!»