የአፍሪካ አዳራሽና እድሳቱ

አፍሪካ አዳራሽ በአዲስ አበባ፣ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ቅጥር ግቢ ውስጥ የሚገኝ ታሪካዊ የጉባኤ ሕንጻ ነው። ኮሚሽኑ በ1950 ዓ.ም. ሲቋቋም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መቀመጫውን በስጦታ ያሠሩለት ሲሆን፣ ሕንጻው ጥር 29 ቀን 1953 ዓ.ም. ተመርቋል። ንድፉ አስመራ ይኖር የነበረው ጣሊያናዊ አርክቴክት የአርቱሮ መዜዲሚ ነው። ሥራው በ18 ወራት ገደማ መጠናቀቁ ለዘመኑ አዲስ አበባ ትልቅ ክንውን ነበር። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር የተፈረመው በዚሁ አዳራሽ ነው።

ከመግቢያው እንደተዘለቀ ጎብኚውን የሚቀበለው 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል ነው። ሦስቱ ክፍሎች የአህጉሪቱን መከራ፣ ትግልና ተስፋ በየተራ ይተርካሉ። በመጨረሻው ክፍል ችቦ የያዘ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ፣ በየአገራቸው ልብስ ያጌጡትን ሌሎች አፍሪካውያን ከፊት ሆኖ ይመራል። የፀሐይ ብርሃን በመስታወቱ ሲያልፍ ቀለሙ ወለሉ ላይ ይዘረጋል፤ በፎቶግራፍ ያየው ሰው ይህን አያገኘውም።

ከምረቃው በኋላ ባሉት አሥርተ ዓመታት አዳራሹ ከአገልግሎት ባይወጣም አረጀ።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ወደ 57 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ በጀት ያጸደቀለት እድሳት፣ በአውስትራሊያው የሥነ ሕንጻ ድርጅት ኮንራድ ጋርጌት ንድፍ ተከናወነ። ከባዱ ጥያቄ ሕንጻውን ሙዚየም ሳያደርጉ፣ መልኩንም ሳይለውጡ ለዛሬ ስብሰባ ማብቃት ነበር። በዚህም መሠረት በዘመኑ የግንባታ ልማድ የገባው፣ ለጤና ጎጂ የሆነው አስቤስቶስ የተባለ ቁስ ተወገደ፤ አካሉም የመሬት መንቀጥቀጥን እንዲቋቋም ተጠናከረ። የኤሌክትሪክ፣ የድምፅና የትርጉም መሣሪያዎች ታደሱ፤ አካል ጉዳተኞችም ያለችግር እንዲገቡ መንገድ ተበጀ። ያረጁት ጥቃቅን የሞዛይክ ጡቦች የመጀመሪያውን ቡናማ፣ ብርቱካንማና ነጣ ያለ ቀለም ጠብቀው በተሠሩ አዳዲስ ጡቦች ተተኩ። ነባሩን ጡብ ማቆየት ይሻል ነበር የሚል ክርክር ሊነሳ ይችላል፤ ነገር ግን እየረገፈ ያለ ሽፋን ቅርስነቱ ብቻ አያቆመውም፣ በቀለም የተመሳሰለው ምትክም ለመዜዲሚ ሐሳብ ታማኝ ሆኖ ተገኝቷል። በ1953 ዓ.ም. ለሕንጻው ተብለው የተሠሩት የቤት ዕቃዎችም ተጠግነው ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል።

የታደሰው አዳራሽ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ አንቶኒዮ ጉተሬዝ በተገኙበት ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ፣ ከጉባኤው ጎን ለጎን ለጎብኚዎችም ክፍት እንዲሆን ተደርጓል።