«ኦኬ»፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ንግግራችን ከገቡት ቃላት መካከል እንደ «ኦኬ» የሚደጋገም ጥቂት ነው። ስለ አመጣጡ በሰፊው የሚነገረው ግን በአብዛኛው መሠረት የሌለው ነው።

አመለካከት፦ ቃሉ «የሞተ የለም» ለማለት በጦር ሜዳ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ ከነበረው የዜሮ ምልክትና የእንግሊዝኛው «killed» («የተገደለ») መነሻ ከሆነው «ኬ» ፊደል የመጣ ነው።

እውነታው፦ ታሪኩ ብዙውን ጊዜ ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጋር ይያያዛል፤ ጦርነቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1861 ሲጀመር ግን ቃሉ በጋዜጣ ላይ ከወጣ 22 ዓመታት አልፈውት ነበር።

አመለካከት፦ ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን ፊደል አስተካክሎ መጻፍ ስለማይችል የፈጠረው ነው።

እውነታው፦ ይህ በ1840ው የምርጫ ዘመቻ ተቃዋሚዎች ያሰራጩት ፌዝ ነው። የቋንቋ ተመራማሪው አለን ዎከር ሪድ በ1960ዎቹ የድሮ ጋዜጦችን በትዕግሥት መርምሮ እንዳሳየው፣ ቃሉ መጋቢት 1839 በቦስተን ሞርኒንግ ፖስት ጋዜጣ ላይ «ሁሉም ትክክል ነው» (በእንግሊዝኛ «all correct») ከሚል ማብራሪያ ጋር ታትሞ ይገኛል። በዚያን ጊዜ የከተማዋ ጋዜጠኞች ሐረጎችን ሆን ብለው በተሳሳተ ፊደል እየጻፉ ማሳጠርን እንደ ጨዋታ ይዘውት ስለነበር፣ በትክክለኛው አጻጻፍ «ኤ» እና «ሲ» መሆን የነበረባቸው የመነሻ ፊደላት «oll korrect» ተብለው ሲጻፉ «ኦ» እና «ኬ» ሆኑ። አብረውት የተፈጠሩት አብዛኞቹ ምህጻሮች ሲረሱ እርሱን ያቆየው ፖለቲካ ነው፤ ኪንደርሁክ በተባለች የኒውዮርክ መንደር የተወለደው ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቢዩረን ለዳግም ምርጫ ሲወዳደር ደጋፊዎቹ «ሽማግሌው ኪንደርሁክ» («Old Kinderhook») የሚለውን ቅጽል ስሙን በእነዚሁ ሁለት ፊደላት አሳጥረው መፈክር አደረጉት። በምርጫው ተሸነፈ፤ ቃሉ ግን በአገሪቱ ሁሉ ታወቀ።

አመለካከት፦ ምንጩ ከአሜሪካ ቀደምት ነዋሪዎች አንዱ የሆነው የቾክታው ሕዝብ ቋንቋ ነው።

እውነታው፦ ይህ ከሌሎቹ ይልቅ በአክብሮት ሊታይ የሚገባው መላምት ነው፤ በቋንቋው ተቀራራቢ ድምፅ ያለው የማረጋገጫ ቃል አለ፣ ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰንም ይህን አምኖ «okeh» በሚል አጻጻፍ ይጠቀም ነበር። ይሁን እንጂ የድምፅ መመሳሰል ብቻውን የዝምድና ማስረጃ አይሆንም፤ የቦስተኑ ጽሑፍ ግን ቀኑም ፍቺውም አብሮት አለ።

አመለካከት፦ ትርጉሙ «እሺ» ብቻ ነው።

እውነታው፦ በእንግሊዝኛ ለወደቀ ሰው ሲቀርብ ስለ ደኅንነቱ መጠየቂያ፣ በንግግር መካከል ወደ ሌላ ጉዳይ መሸጋገሪያ፣ በመሥሪያ ቤትም ሰነድ ማጽደቅን የሚገልጽ ግሥ ይሆናል። ተናጋሪዎቹ ስለ አንድ ምግብ ወይም ሥራ «ኦኬ ነበር» ሲሉ ብዙውን ጊዜ «ክፋት የለውም» ማለታቸው ስለሆነ፣ «እሺ»ን ብቻ ይዞ የሚሰማ ሰው ቀዝቃዛውን አስተያየት እንደ ምስጋና ሊወስደው ይችላል።