ኮምፓይለር ኮምፕሌክስ ቁጥርን ለዲበገር እንዴት ያስረዳል?

ሚሞሪ ላይ የተቀመጠ 16 ባይት ስለራሱ ምንም አይናገርም። ሁለት ኢንቲጀር ሊሆን ይችላል፣ ጽሑፍ ሊሆን ይችላል፣ 3 + 4አይ የሚል ኮምፕሌክስ ቁጥርም ሊሆን ይችላል። ዲበገሩ (ፕሮግራም ሲሠራ ውስጡን እያሳየ ስህተት ለመፈለግ የሚረዳው መሣሪያ) የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ኮምፓይለሩ ከነገረው ብቻ ነው። ጂሲሲ ወይም ክላንግ በሚባሉት ኮምፓይለሮች ላይ «-ጂ» ብለህ ኮምፓይል ስታደርግ የሚጨመረው መረጃ ይሄ ነው። ሊኑክስ ላይ የሚጻፍበት ፎርማት ድዋርፍ ይባላል።

ኮምፕሌክስ ቁጥር ፎርትራን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ የቆየ ነገር ነው፤ የ1966ቱ ስታንዳርድ ላይ አለ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። የሲ ቋንቋ በስታንዳርድ ደረጃ የተቀበለው ገና በ1999 ነው፤ በ2011 ደግሞ ኮምፓይለሩ ካልፈለገ ሊተወው ይችላል ተባለ። ጎ የሚባለው ቋንቋ በበኩሉ ኮምፕሌክስ64 እና ኮምፕሌክስ128 የሚባሉ የራሱ ታይፖች አሉት።

ብዙ ሰው የሚጠብቀው ድዋርፍ ኮምፕሌክስን «ሪል» እና «ኢማጅነሪ» የሚባሉ ሁለት ፊልዶች ያሉት ስትራክት (በርካታ እሴቶችን በየስማቸው አንድ ላይ የሚይዝ ታይፕ) አድርጎ እንዲገልጸው ነው። አያደርገውም። እንደ ኢንት እና እንደ ቻር መሠረታዊ ታይፕ አድርጎ ነው የሚመዘግበው። የሲ ፕሮግራም ውስጥ አንድ ደብል ኮምፕሌክስ ቫሪያብል አስቀምጥና በጂሲሲ ሠርተህ የወጣውን ፋይል ይዘቱን በሚያሳየው ሪድኤልፍ በሚባል መሣሪያ ክፈተው። የምታገኘው አጭር ምዝገባ ነው፦ ስሙ «ኮምፕሌክስ ደብል»፣ መጠኑ 16 ባይት፣ ኢንኮዲንጉ (ባይቶቹ እንዴት እንደሚነበቡ የሚናገረው ቁጥር) 3። አለቀ። 3 ቁጥር ድዋርፍ ላይ «ኮምፕሌክስ ፍሎት» ማለት ነው።

ሪሉ የቱ ጋ ነው? ኢማጅነሪውስ? ምዝገባው ላይ የለም። ዲበገሩ መጠኑን ለሁለት ይከፍልና የመጀመሪያው ግማሽ ሪል፣ ቀሪው ኢማጅነሪ ነው ብሎ ይቀጥላል። ይሄ ዝም ብሎ ግምት አይደለም፤ የሲ ስታንዳርድ ራሱ ኮምፕሌክስ ሚሞሪ ላይ ልክ እንደ ሁለት ኤለመንት አሬይ፣ ሪሉ ቀድሞ እንደሚቀመጥ ደንግጓል። እንዲህም ሆኖ ኢንቴል 64 ቢት ላይ ሎንግ ደብል ኮምፕሌክስ ሲመጣ ነገሩ ትንሽ ይወሳሰባል። 32 ባይት ነው፣ ግማሹ 16 ነው፣ ከ16ቱ ግን ቁጥሩን የሚይዘው 10 ባይት ብቻ ነው፣ የቀረው ማሟያ ነው። ስለዚህ ማካፈል ብቻውን አይበቃም፤ ዲበገሩ የማሽኑን ፎርማት ማወቅ አለበት።

ክላንግ ደግሞ ስሙ ላይ እንኳ ቁጥብ ነው። ፍሎትም ይሁን ደብል፣ ሁሉንም «ኮምፕሌክስ» ብሎ ይጠራቸዋል። የሚለያቸው መጠናቸው ብቻ ነው። እኔ እዚህ ላይ የጂሲሲን መንገድ እመርጣለሁ፤ ሁለት ቃል መጻፍ ማንንም አይጎዳም።

ጉዱ ያለው ኢንቲጀር ኮምፕሌክስ (ሁለቱም ግማሾቹ ሙሉ ቁጥር የሆኑበት) ላይ ነው። የሲ ስታንዳርድ አያውቀውም፤ ጂሲሲ በራሱ የጨመረው ነው፣ ክላንግም ተከትሎታል። ድዋርፍ ለዚህ የሚሆን ኢንኮዲንግ የለውም። ሁለቱም ኮምፓይለሮች ምን አደረጉ መሰለህ? ለግል ጥቅም የተተወው የቁጥር ክልል የሚጀምርበትን 128ን አንስተው ተጠቀሙበት። ድዋርፍ ለዚያ ቁጥር ምንም ትርጉም አልሰጠውም፤ ሌላ ኮምፓይለር ነገ ተነስቶ ለሌላ ነገር ቢያውለው «ተሳስተሃል» የሚለው የለም። ድሮ ድሮ የነበረው ስታብስ የሚባለው ፎርማት እዚህ ላይ ይሻል ነበር። ጂሲሲ በስታብስ ሲጽፍ ኢንቲጀር ኮምፕሌክስን ሪል እና ኢማግ የሚባሉ ፊልዶች ያሉት ስትራክት አድርጎ ነበር የሚያወጣው፤ ማንኛውም ዲበገር ይገባዋል። ስታብስ ግን ከጂሲሲ 13 ጀምሮ፣ በ2023፣ ጭራሽ ወጥቷል።

እስካሁን ያልነው ስለ ታይፑ ነው። ቫሪያብሉ የት አለ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፣ ኦፕቲማይዜሽን (ኮምፓይለሩ ፕሮግራሙን ለማፍጠን ኮዱን የሚያስተካክልበት) ሲበራ ደግሞ ዋናው ጥያቄ እሱ ይሆናል። ሊኑክስ ላይ ኢንቴል 64 ቢት ማሽን ደብል ኮምፕሌክስ ለፈንክሽን ሲያቀብል ሪሉን በኤክስኤምኤም0፣ ኢማጅነሪውን በኤክስኤምኤም1 ሬጂስተር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ትንሽ ማስቀመጫ) ይልካል። ያው አንድ ቫሪያብል ሁለት ቦታ ተቀመጠ ማለት ነው። ድዋርፍ ለዚህ «ፒስ» የሚባል ኦፕሬሽን አለው፦ የመጀመሪያው 8 ባይት ከዚህ ሬጂስተር፣ ቀጣዩ 8 ባይት ከዚያኛው ይላል። ኮምፓይለሩ ኢማጅነሪው አያስፈልግም ብሎ ከጣለው ያንን ቁራጭ ቦታ አልባ አድርጎ ሊተወው ይችላል፣ ሪሉ ግን ይታያል። ፍሎት ኮምፕሌክስ ላይ ይሄ ጣጣ አይነሳም፤ ሁለቱም ግማሾች ተጠጋግተው አንድ ኤክስኤምኤም0 ውስጥ ይገባሉ።

ዲበገሮቹም ቀስ እያሉ ነው የበሰሉት። ጂዲቢ የሚባለው ዲበገር ለረጅም ጊዜ ኮምፕሌክስን ከማሳየት ያለፈ ብዙ አይሠራበትም ነበር። በ2020 የወጣው ጂዲቢ 10 ሒሳቡን ጨመረ፣ ሪሉንና ኢማጅነሪውን ለይተው የሚያወጡ ሁለት ፈንክሽኖችም አመጣ።

ሲ++ የምትጽፍ ከሆነ ግን ይሄ ሁሉ እንዳለ ላያገኝህ ይችላል። እዚያ ኮምፕሌክስ የላይብረሪ ክላስ ነው፣ ዲበገሩም የሚያየው ክላስ ነው። የጂሲሲው ላይብረሪ የደብሉን ክላስ ውስጥ አንድ እውነተኛ ኮምፕሌክስ ደብል ስለሚያስቀምጥ ከክላሱ ሥር ያው 3 ቁጥር ኢንኮዲንግ ይመጣል። ክላንግ የሚገኝበት የኤልኤልቪኤም ፕሮጀክት ላይብረሪ ግን ሁለት ተራ ደብሎች ነው የሚይዘው። ማይክሮሶፍትም የሲውን ኮምፕሌክስ ታይፕ ስለማይደግፍ ሲ ላይ ራሱ ባለ ሁለት ኤለመንት አሬይ የያዘ ስትራክት ነው የሚሰጥህ፤ ዲበገሩም የሚያሳይህ ያንኑ አሬይ ነው።